ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ስንት ደረሰ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በአንድ ጥያቄ ይጠቀለላል። ካንሰር የያዘው ሰው በጨረር ሲታከም፤ ሐኪሙ ያዘዘው መጠን ሕመሙ ካለበት ስፍራ መድረሱ በምን ይታወቃል? ይህን ለጓደኞቻችን ስናቀርብ አብዛኞቹ «መሣሪያው ላይ ተጽፎ ይታያል» ብለው መለሱልን። መሣሪያው ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። ምን ያህል እንደ ሰጠ ይነግረናል እንጂ ሕመምተኛው ምን ያህል እንደ ተቀበለ አይነግረንም። በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ቆዳ፤ አጥንት፤ አየር የሞላው ሳንባ አለ፤ ሕመምተኛውም በየቀኑ በአንድ ዓይነት አኳኋን አይተኛም።

መጠኑ የሚነገርበት መለኪያ ግሬይ ይባላል። በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ስም በ1975 ዓ.ም. የተሰየመ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎግራም አካል ውስጥ የቀረ የአንድ ጁል ጉልበት ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ለማየት ሒሳብ እንሥራ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መላ ሰውነቱን በአንድ ጊዜ 4 ግሬይ ቢያገኘውና ሳይታከም ቢቀር፤ የመሞቱ ዕድል ግማሽ ያህል ነው። 4 በ70 ሲባዛ 280 ጁል ይሆናል። አንድ ሲኒ ቡና በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚያጣው ሙቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም! የሰውየው ሙቀት ከፍ የሚለው የአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ቴርሞሜትር ይዞ መቅረብ ከንቱ ነው። ሕመምተኛውም ሲበዛበት አይሰማውምና «በቃኝ» ሊል አይችልም። በሕክምና ጊዜ በጠቅላላው እስከ 60ና 70 ግሬይ ለመስጠት የሚቻለው ጨረሩ በጠባብ ስፍራ ስለሚወሰንና፤ ብዙውን ጊዜ በቀን 2 ግሬይ እየተባለ ለሳምንታት ስለሚከፋፈል ነው።

እንግዲህ ሙቀቱ ካልረዳን ሌላ ምስክር መፈለግ ያሻል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ምስክር ሊቲየም ፍሎራይድ የተባለ ጨው ነው። ጥቂት ማግኒዚየምና ቲታኒየም ይጨመርበታል፤ አንዱ ፍሬ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ያህል፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ጨረር ሲያልፍበት ኤሌክትሮኖች ከስፍራቸው ተነሥተው፤ እነዚያ እንግዳ አተሞች በፈጠሩት ወጥመድ ውስጥ ይገቡና ታስረው ይቆያሉ። በኋላ ፍሬው ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እስረኞቹ ይፈታሉ፤ ወደ ስፍራቸው ሲመለሱም ብርሃን ይሰጣሉ። ብርሃኑ ፍሬው ከተቀበለው ጨረር ጋር ይመጣጠናል፤ ደካማ ስለ ሆነም ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ቱቦ ይለካል። ከተነበበ በኋላ ፍሬውን በ400 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢያቆዩት ያለፈውን ሁሉ ረስቶ እንደ ገና ያገለግላል። ሽቦ የለው፤ ባትሪ የለው።

ይህን ጨው ለልኬት ያሰቡት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ፋሪንግተን ዳንኤልስና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኦክ ሪጅ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይታከሙ የነበሩ የካንሰር ሕመምተኞች ክሪስታሉን እንዲውጡት ተደረገ፤ ሆድ ዕቃን አቋርጦ ከወጣ በኋላም ተነበበ። ስለ አወጣጡ ዝርዝር በዚህ አዳራሽ አንናገርም።

የልኬቱ ጥቅም በጉልህ የሚታየው በማኅፀን በር ካንሰር ላይ ነው። በዚህ ሕክምና ጨረር አመንጪው ራሱ ወደ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከዕጢው አጠገብ ይቀመጣል። ከትንሽ አመንጪ የሚወጣ ጨረር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ የጥቂት ሚሊሜትር መንሸራተት ብዙ ለውጥ ያመጣል። የሽንት ፊኛና የትልቁ አንጀት መጨረሻ ደግሞ ጎረቤት ናቸው። መለኪያ በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀቱ ገብቶ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደ ደረሰበት ሲታወቅ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አቀማመጡን ማረም ይቻላል። ዘግይቶ የሚመጣ የአንጀት ቁስል ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ስለሚታይ፤ ቁስሉን አይቶ እርማት ማድረግ አይቻልም።

ዳዮድ የሚባለው የሲሊኮን መለኪያ ውጤቱን ወዲያው ስለሚናገር ብዙዎች ይመርጡታል። ነገር ግን የብዙዎቹ ዳዮዶች ንባብ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር በመቶ 0.3 ያህል ይለወጣል። በቀዝቃዛ ክፍል ተስተካክሎ 10 ዲግሪ በሚበልጥ ቆዳ ላይ ቢለጠፍ በመቶ 3 ይሳሳታል ማለት ነው። በ1976 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የጨረር መለኪያዎች ኮሚሽን ለመላው ሕክምና የመከረው ልዩነት በመቶ 5 ስለ ሆነ፤ መለኪያው ብቻውን ከግማሽ በላይ በላው። መለኪያውን የሚለካ ሰውም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በ1996 ዓ.ም. በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ የአንድ ሕክምና መሣሪያ ኮባልት በአዲስ ተተካ። አዲሱ ኃይል ሲለካ 0.3 ደቂቃ እንደ 30 ሰከንድ ተቆጠረ፤ 0.3 ደቂቃ ግን 18 ሰከንድ ነው። ኮባልቱ ከእውነተኛው ይልቅ ደካማ መሰለ፤ ስለዚህ ለሕመምተኞች የሚሰጠው ጊዜ ረዘመ። 115 ሰዎች ከታዘዘላቸው ከግማሽ በላይ ትርፍ ጨረር ተቀበሉ፤ በዚሁ ምክንያት የሞቱም አሉ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሰዓቱም በትክክል ሠርቷል። ከላይ የተናገርነው አንድ ፍሬ ጨው በመጀመሪያው ቀን ቆዳ ላይ ተለጥፎ፤ ስሌቱን ባልሠራ ሌላ ሰው ቢነበብ ኖሮ 2 ሲጠበቅ 3 በተገኘ ነበር።

ነገሩ ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው በኮባልት መሣሪያ ሲሆን፤ ለብዙ ዓመታት በአገሩ ብቸኛው ነበር። ኮባልት በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በየወሩ ከመቶ አንድ ያህል ይጎድላል ማለት ነው፤ የሕክምናውም ጊዜ በዚያው ልክ እንደ ገና መታሰብ አለበት።

አንዳንዶች «ዛሬ መሣሪያዎቹ በኮምፒዩተር ይመራሉ፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ልኬት ጊዜ ያባክናል» ይላሉ። የወረፋው ነገር እውነት ነው፤ አናቃልለውም። ኮምፒዩተር ግን የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ 30 ቢሉት 30 ነው። ቆዳ ላይ የተለጠፈ መለኪያ በጥልቀት ያለውን ሁሉ እንደማያሳይም እናውቃለን፤ ትልቁን ስሕተት ግን ያሳያል። ስለዚህ የእኛ አሳብ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ የመጀመሪያ ቀን፤ እንዲሁም ኮባልት በተለወጠና መሣሪያ በተጠገነ ቁጥር ይለካ፤ ውጤቱም ለሕመምተኛው ይነገር የሚል ነው። በዚህ የማይስማማ ካለ፤ በተለይ ከሕክምና ፋኩልቲ የመጡ ጓደኞቻችን፤ አሁን ቢናገሩ ደስ ይለናል።