የተጣመሩ መሥመሮችና የተሰወረ ብልሽት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል የኅብረትን ኀይል ለማስረዳት ሲነገር የኖረ ነው። የመሥሪያ ቤቶችን ኔትወርክ የሚያስተዳድር መሐንዲስም ይህንኑ ብሂል በሥራ ላይ ያውለዋል፤ አንድ መሥመር አልበቃ ሲለው ሁለት ወይም አራት መሥመሮችን አጣምሮ እንደ አንድ እንዲያገለግሉ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ከድሩ መካከል አንዱ ክር በተበጠሰ ጊዜ አንበሳው በየት በኩል እንዳመለጠ ማወቅ ቀላል አይደለም። የዚህ ንግግር ዓላማም የተበጠሰው ክር በሥርዓት ተፈልጎ የሚገኝበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለጉዳዩ መልካም ምሳሌ ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። የዞኑ አስተዳደር መቀመጫ ደሴ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡና የአውሮፕላን ማረፊያው በኮምቦልቻ ይገኛሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ዋናው ግቢው በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በኮምቦልቻ ነው። በአንደኛው ከተማ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ በሁለተኛው ቅርንጫፍ ወይም መጋዘን ያለው ድርጅት ሁሉ የዕለት ሥራው በሁለቱ መካከል በሚዘረጋው መሥመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መሥመር ሲዘረጋ የብልሽት ነገር ግልጽ ነበር። አንድ ሽቦ ከተበጠሰ ሁሉም ዝም ይላል፤ ምሰሶዎቹን ተከትሎ የሄደ ሰው ከተቆረጠው ስፍራ ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በዘለቀ ጊዜ አገልግሎት ሲቋረጥም መቋረጡን ያላወቀ አልነበረም። ሙሉ ጸጥታ ራሱ ይናገራልና። መሐንዲስን የሚያስቸግረው ግን ከፊሉ ሕያው፣ ከፊሉ ሙት የሆነው ብልሽት ነው።

ለምሳሌ ያህል የሒሳብ ማሽኑ በደሴ፣ የክፍያ ቅርንጫፉ በኮምቦልቻ የሆነ አንድ መሥሪያ ቤት ይታሰብ። በሁለቱ መካከል እያንዳንዳቸው 100 ሜጋቢት የሆኑ ሁለት መሥመሮች ተጣምረዋል። ዕለቱ የጡረታ መክፈያ ቀን ነው። አንደኛው መስኮት ያለ ችግር ይከፍላል፤ በሁለተኛው መስኮት ፊት የቆሙት አሮጊት ግን «እናቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ገንዘብ ከፋዩ ወደ ደሴ ስልክ ይደውላል። በደሴ ያለው መሐንዲስ የሁለቱም መሥመሮች መብራት አረንጓዴ መሆኑን ያያል፤ በፒንግም ቢሞክር ወዲያው መልስ ያገኛል፤ ስለዚህ «መሥመሩ ደኅና ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ አሮጊቷ ግን የመሳፈሪያ ገንዘባቸውን ከስረው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ የተጣመሩ መሥመሮች ሥራን በሚከፋፈሉበት ዘዴ ላይ ነው። በመንታ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ተቆጣጣሪ የመኪናዎችን ሰሌዳ እያየ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን በግራ ያሰማራል እንበል። አንድ መኪና ምንጊዜም የሚሄደው በዚያው በተመደበለት መንገድ ነው። የቀኙ መንገድ ከኩርባው ወዲያ ተደርምሶ ተቆጣጣሪው ይህን ካላወቀ፣ ባለ ጎዶሎ ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ ገደሉ ሲጓዙ ባለ ሙሉ ቁጥሮቹ በሰላም ይገባሉ። ስዊችና ራውተርም የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ አንዳንዴም የፖርት ቁጥራቸውን አስልተው መሥመር ይመድባሉ። ይህም የሚደረገው የአንድ ንግግር ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይፋለስ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻውን ሲላክ ከአንዱ መሥመር ፍጥነት አያልፍም፤ ሁለት መቶዎች ተጣመሩ ማለት ለአንድ ተጓዥ ሁለት መቶ ሆኑ ማለት አይደለም።

የመሐንዲሱ ፒንግም ያልዋሸውን ያህል እውነቱን ሁሉ አልተናገረም። ማይክ ሙስ በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህ መሣሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ሲላክ በመሐንዲሱ አድራሻ ተሰልቶ በደኅናው መሥመር ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የፒንግ ጭነት 32 ባይት ብቻ ሲሆን የተለመደው የኢተርኔት ፓኬት እስከ 1,500 ባይት ይጭናል። ትንሹ ያለፈበት በር ትልቁን ላያሳልፍ ይችላል። መንገድን በየጣቢያው የሚያሳየው ትሬስራውትም መሥመሮች በበዙበት ቦታ የሁለት መንገዶችን ጣቢያ ቀላቅሎ በእውን የሌለ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ትሬስራውት የተባለው መሣሪያ የቀረበው ይህንኑ ስሕተት ለማረም ነበር።

እንግዲህ ፍለጋው በሚከተለው ሥርዓት ቢካሄድ ይበጃል።

አንደኛ፣ ከመሣሪያው በፊት ሰው ይጠየቅ። የማን ማሽን፣ ወደ የትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት እንደተቸገረ፤ ያልተቸገረውም ማን እንደሆነ ይመዝገብ። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚለው አቤቱታ በአድራሻ ጥንድ ሲደረደር ብዙውን ጊዜ ዘወትር የሚሠራና ዘወትር የማይሠራ ሆኖ ይገኛል። ይህ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ጥምሩ ይዙር።

ሁለተኛ፣ ሙከራው ከተቸገረው ሰው ጠረጴዛ፣ ከተቻለም በራሱ በሒሳብ ፕሮግራሙ ይደረግ። በትልቅ ፓኬትም፣ እንዳይከፋፈል ታዝዞ፣ ይሞከር።

ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ መሥመር ቆጣሪ በሁለቱም ጫፍ ይነበብ። ደሴ ላይ በሁለተኛው መሥመር የወጣው የፓኬት ብዛት ኮምቦልቻ ላይ ከገባው ጋር ካልተቀራረበ፣ የተበጠሰው ክር ተገኘ ማለት ነው። የጥምሩን ድምር ብቻ ማየት ግን ብልሽቱን ይሸፍናል።

አራተኛ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት መሥመሮቹ አንድ በአንድ ከጥምሩ ወጥተው ይፈተኑ። በሌላው ከተማ ያለውን መሣሪያ ከሩቅ የሚያዝ ሰው ግን የገዛ መግቢያ በሩን እንዳይዘጋ ይጠንቀቅ፤ ከዘጋው በሐረጎ በኩል በመኪና መውረድ ግዴታው ይሆናል።

አምስተኛ፣ የመልሱ መንገድ ለብቻው ይጠና። ከደሴ የሚሄደውን የሚመድበው የደሴው ራውተር፣ ከኮምቦልቻ የሚመለሰውን የሚመድበው የኮምቦልቻው ነውና መሄጃና መመለሻ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለት ራውተሮችና ሁለት ፋየርዎሎች ባሉበት ስፍራ መልሱ ጥያቄውን ባላየ ፋየርዎል በኩል ከመጣ እንደ ባዕድ ተቆጥሮ ይጣላል።

ብልሽትን ከማግኘት ይልቅ እንዳይሰወር ማድረግ ይበልጣል። አረንጓዴው መብራት የሚመሰክረው እስከ ጎረቤቱ መሣሪያ ድረስ ላለው ገመድ ብቻ ነው። በማይክሮዌቭ ወይም በፋይበር ማስተላለፊያ በኩል የሚያልፈው መሥመር ከዚያ ወዲያ ቢሞትም መብራቱ አይጠፋም፤ በእጅ የተጻፈው መንገድም እንዳለ ይቆያል። በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 802.3ኤ.ዲ. የተባለው ደንብ ኤል.ኤ.ሲ.ፒ. የሚባለውን መነጋገሪያ የያዘው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በየጊዜው ሰላም ይባባላሉ፤ ሰላምታው በአጭሩ ምድብ ለ3 ሴኮንድ፣ በረጅሙ ለ90 ሴኮንድ ከቀረ መሥመሩ ከጥምሩ ይወጣል። በራውተሮች መካከልም ቢ.ኤፍ.ዲ. ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ጥምርን በእጅ አስሮ ይህን ሰላምታ መተው ዘበኛ የሌለው በር እንደ መክፈት ነው።

በመጨረሻም ማጣመር ስፋትን ይጨምራል እንጂ በራሱ ሁለተኛ መንገድ አይሆንም። ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቦይ የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዱ አንድ የመሬት ናዳ ወይም አንድ የመንገድ ቆፋሪ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቆርጣቸዋል። ስለሆነም መሥመር የሚከራይ መሥሪያ ቤት ዋጋና ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን መሥመሮቹ በየት በየት እንደሚያልፉ መጠየቅ ይኖርበታል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል በየመስኮቱ እጅግ ተለምዷል። ቃሉ ግን የበሽታ ስም አይደለም፤ ምርመራ አለመደረጉን የሚገልጽ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የመሥመር መዝገብ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ብልሽት ከነአድራሻው፣ ከነሰዓቱና ከነመፍትሔው ቢጻፍበት፣ ተረኛው መሐንዲስ ከቀዳሚው ድካም ይማራል፤ ከሩቅ መጥተው በመስኮቱ ፊት የቆሙት አሮጊትም ነገ ተመለሱ ከመባል ይድናሉ።