ጉዱ ካሣ የማን ነው? አንድ ገጸ ባሕርይ ለብዙ ባለመብት ሲከፋፈል



ዛሬ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስመጣ ማንኩሳን አልፌ ነው። ይህችን ከተማ ከአካባቢው ሰው ውጭ ብዙው አንባቢ የሚያውቃት በመንገድ ሳይሆን በልቦለድ ነው፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ወላጆች ያኖሩት እዚያ ነውና። የዛሬ ጉዳዬ ግን በዛብህ ሳይሆን ጉዱ ካሣ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ የፊልም ጽሑፍ አሳየኝ። ጉዱ ካሣ በዘመናችን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ይወርድና ያገኘውን ሁሉ ይሞግታል። ልጁ «የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?» አለኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም፤ ይህ ንግግር የዘገየ መልሴ ነው።

ጥያቄው በሌላው ዓለም ከፍተኛ ገንዘብ የሚከፈልበት ነው። የአሜሪካው የኮሚክ መጻሕፍት አሳታሚ ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ለኪሳራ ተዳርጎ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት የጀግኖቹ የፊልም መብት በየስቱዲዮው ተበተነ፤ ኤክስ ሜን ወደ ፎክስ፣ ስፓይደርማን በ1999 ወደ ሶኒ ሄዱ። የተላለፈው የፊልሙ መብት እንጂ መጽሐፉ አልነበረም። ማርቭል በኋላ ራሱ ፊልም መሥራት ሲጀምር በገዛ ልጁ ቤት እንግዳ ሆነ። በ2015 ከሶኒ ጋር ተስማምቶ ስፓይደርማንን በ2016 በራሱ ፊልም አሳየ፤ በ2019 ተጣሉ፣ በጥቂት ሳምንታትም ታረቁ።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ የኩዊክሲልቨር ነገር ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ በ2014 በፎክስ፣ በ2015 ደግሞ በማርቭል ፊልም፣ በሁለት ተዋንያን ታየ። ማርቭል ግን «ሚውታንት» የሚለውን ቃል ሊጠቀም አይችልም ነበር፤ በኮሚኩ ለዓመታት አባቱ ሆኖ የኖረውን ማግኔቶንም ሊጠራ አይችልም፤ ሁለቱም በፎክስ ድርሻ ነበሩና። ሰውን በአባቱ ስም ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ውል ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም። ስለዚህ እብድ እየተባለ ሥርዓቱን የሚነቅፍ ጠቢብ ማንም ሊጽፍ ይችላል። ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት ግን የደራሲው ነው፤ ከሞት በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ጥበቃው እስከ 2046 ዓ.ም. ይዘልቃል። ጉዱ ካሣን ከነስሙ፣ ከነዘመዶቹና ከነአነጋገሩ ወደ ፊልም ማምጣት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህን መብት ይነካል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብዙዎቻችን ጉዱ ካሣን ያወቅነው በዐይናችን ሳይሆን በጆሯችን፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። አዋጁ የከዋኙን፣ የድምፅ ቅጂ አዘጋጁንና የብሮድካስት ድርጅቱን መብት ከደራሲው መብት ለይቶ ያስቀምጣል። ተማሪዬ ያንን ድምፅ በፊልሙ ውስጥ ላስገባ ቢል የሚያንኳኳው በር ሌላ ነው። ጉዱ ካሣም እንግዲህ ያለ ሆሊውድ ተከፋፍሏል።

በጨዋታችን መካከል ግን ያላሰብኩት ነገር ወጣ። ይህ ለሐዲስ መብት የሚጨነቅ ልጅ፣ ራሱ የፈጠረውን አስቂኝ ገጸ ባሕርይ ለአንድ ቪዲዮ አዘጋጅ በቃል ሰጥቶ ኖሯል። አዘጋጁ ሌላ ተዋናይ ቀጥሮ ቀጠለበት፤ ልጁ በስሙ እንኳ አልተጠራም። የኢኮኖሚ መብት በሙሉም በከፊልም ሊተላለፍ ይችላል፤ ሕጉ ግን ዝውውሩ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ልጁ ይህን አልሰማም ነበር።

አባቱ ገበሬ ናቸው። «አባትህ መሬታቸውን ለእኩል ሲሰጡ ምን ይነጋገራሉ?» አልሁት። በሬው የማን እንደሆነ፣ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ለስንት መኸር እንደሆነ ቆጠረልኝ። መሬቱ ጦም ቢያድርስ? «ይነጥቁታላ!» አለኝ እየሳቀ። የሶኒም ውል ይህንኑ ይላል፤ በተወሰነው ጊዜ ፊልም ካልሠራ የስፓይደርማን መብት ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ልጁ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። አንደኛው የሐዲስን መብት ለያዙት ወገኖች፣ ሁለተኛው ለአዘጋጁ ነው። የመጀመሪያው ትሕትና የተሞላ ነበር። ሁለተኛውን ግን ሦስት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፤ ቁጣው ከጥያቄው ይበዛ ነበርና። ከሁለቱም ገና መልስ አልመጣም።