ብቻውን የሚብሰለሰል አይድንም

እሷ፦ ዛሬ በጋምቤላ ክልል መቲ ከተማ ዙሪያ ካለው ደን እንነሳ። በ2002 ዓ.ም. በጎደሬ ወረዳ 3 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ለአንድ የውጭ ኩባንያ ለሻይ ልማት ተሰጠ።

እሱ፦ ደን ያለበት መሬት!

እሷ፦ አዎ። በአካባቢው ለሚኖረው የመዠንግር ሰው ደግሞ ደኑ ቀፎ የሚሰቅልበት ኑሮው ነው። ነዋሪዎቹ አቤቱታቸውን እስከ አዲስ አበባ አደረሱ። ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ሰምተው ደገፏቸው።

እሱ፦ ግን እኮ ዛፉ ከመቆረጥ አልዳነም። ታዲያ መንፈሳቸው በምን ይጽናና?

እሷ፦ ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። «እኔን ማን ይሰማኛል» ብሎ የሚብሰለሰል ሰው እንቅልፍ ያጣል። ከጎረቤቱ ጋር ሲመክር ግን ውስጡ ቀለል ይለዋል።

እሱ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

እሷ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ!

እሱ፦ ቢሆንም ፍትሕ ፈላጊም ዋጋ ይከፍላል። በሌላ አቤቱታ ለዓለም ባንክ መርማሪዎች ያስተረጎሙት የጋምቤላው ፓስተር ኦሞት አግዋ በ2007 ዓ.ም. ታስረው ነበር።

እሷ፦ እውነት ነው። ለዚህ ነው ለፍትሕ የሚደክም ሰው እረፍት፣ ጸሎትና የሚያዳምጠው ወዳጅ የሚያስፈልገው።

እሱ፦ ደኑስ ምን ደረሰ?

እሷ፦ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዠንግርን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበው።

እሱ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ በደል ያንገበገባችሁ ብቻችሁን አትብሰልሰሉ። የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ፤ አብራችሁም አቤት በሉ።