በዳሞታ ግርጌ የሚቀረጽ ምስል

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተዘረጋችው በወላይታ ሶዶ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነውን የጊፋታን በዓል ደስታ፣ የገበሬውን የእንሰት ማሳና የሽማግሎችን ቃል በስልካቸው እየቀረጹ በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚያሰራጩ ወጣቶች አሉ፤ እኛ የምናየው የጥቂት ደቂቃ ምስል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለቅንብሩ የሚደክሙት ድካም ከዐይናችን የተሰወረ ነው።

ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢውን ለማካፈል ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ 1000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4000 የመታየት ሰዓት ሲሆን፣ መስፈርቱ በእንግሊዝኛ ለሚናገረውም በወላይትኛ ለሚናገረውም አንድ ነው፤ የሰሚው ብዛት ግን አንድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ እነዚህ መድረኮች በሀገራችን በተዘጉ ጊዜም፣ ዕለት ዕለት ሲሳዩን ከዚያ የሚጠብቅ ሁሉ ተጨንቆ ከረመ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የኅሊና ፈተና ነው፤ እውነቱን በትዕግሥት የሚያሳየው ጥቂት ተመልካች ሲያገኝ፣ የሰው ገመና የሚገልጠውና ያልተጣራ ወሬ የሚነዛው ብዙ ሕዝብ ይሰበስባልና። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ እስከ 3 ዓመት እስራት ቢደነግግም፣ ሕግ የሚደርሰው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ስለዚህ እናንት ወላጆች፣ ልጃችሁ ምስል ሊቀርጽ ሲወጣ ሥራ ፈት አትበሉት፤ እናንትም ተመልካቾች፣ ዛሬ ስልካችሁን ስትከፍቱ በትጋት የተሠራ የአንድ የሶዶ ወጣት ሥራ ፈልጋችሁ እስከ ፍጻሜው ተመልከቱለት።