መሬቱን ማን ያውቀዋል?



ዛሬ ስለ ሸንኮራ አገዳ መሬት እንናገራለን። በጉለሌ አገዳ መንገድ ዳር ይሸጣል እንጂ አይለማም። ነገር ግን ለአትክልት ቦታችን የምትሰጡን ድጋፍ ከክረምቱ በፊት በምን ላይ ይዋል የሚለውን መወሰን ስላለብን፣ ከአገዳ አልሚዎች የምንማረው አለ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ሥራ ጀመረ። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም ለፋብሪካው አገዳ ያለማሉ። አገዳ እንደ ጤፍ በየዓመቱ አይዘራም። አንዴ ከተተከለ እየተቆረጠ፣ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ሲተከል በመሬቱ ላይ የተሠራ ጥፋት በቀላሉ አይታረምም።

ገበሬ መሬቱን ለይቶ ያውቃል። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እግር ይይዛል። ውሃ ስለሚቋጥር መስኖ ከበዛበት ሥሩ ይታፈናል። አሸዋማው ግን ቶሎ ጠጥቶ ቶሎ ይጠማል፤ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በየጊዜው መጠጣት አለበት። የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚተኛበት፣ የት ነጭ ጨው ብቅ እንደሚል ቀድሞ የሚያየው ማሳው ውስጥ የሚውል ሰው ነው። ይህ በአዋሽ ሸለቆ ትልቅ ጉዳይ ነው። መስኖ ሲበዛ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ ጨው ይዞ ይወጣል። በመተሐራም የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ የአገዳውን እርሻ አስግቷል።

እርግጥ ዓይን ሁሉን አያይም፤ የአፈር ምርመራም ያስፈልጋል። መርማሪውም ቢሆን አፈሩን ከየትኛው ጥግ እንደሚወስድ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።

እውቀቱ የሴቶችም ነው። በሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ፣ ሴቶችና ልጆች ዋልካውን በእጃቸው እየሳቡ ሰፋፊ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ያወጣሉ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የምርምር ማዕከልና አጋሮቹ ከዚህ ልማድ ተነሥተው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ።

ወደ እኛ እንምጣ። ቦታችን የእንጦጦ ግርጌ ተዳፋት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ይጠርገዋል። ብዙዎቻችን ከገጠር የመጣን ነን። ፍግና አመድ ጓሮን እንደሚያለማ ከእናቶቻችን ተምረናል። ነገር ግን ማገዶ ተወዷልና ለአፈር የሚሆነው ኩበት ምድጃ ውስጥ ይነዳል። በዚህ ሁኔታ ማዳበሪያ ቢገዛልን የመጀመሪያው ዶፍ ይዞት ይወርዳል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ቅደም ተከተሉን እንድንቀይር ነው። መጀመሪያ አባላቱ ቦታውን ዞረው ያሳዩዋችሁ፤ ውሃው የሚወርድበትን እኛ እናውቀዋለን። ቀጥሎ እርከኑን እንሥራ፤ ጉልበቱ ከእኛ፣ ድንጋዩና መሣሪያው ከእናንተ። ከዚያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አግዙን፤ ከምድጃው የተረፈው ኩበት ወደ አፈሩ ይመለሳል። ማዳበሪያው ካስፈለገ በመጨረሻ ይምጣ።

ክረምቱ አይጠብቀንም።