ስለ አዳራሻችን ግድግዳ
(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የአዳራሻችን የጭቃ ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። እኛ የኮሚቴው አባላትም ደግፈን ነበር፤ አንደብቅም። ከዚያ ወዲህ ግን መካኒሳ ሄደን ዞማ ሙዚየምን አየን፤ አሳባችንም ተለወጠ።

ዞማን ያቋቋሙት ወይዘሮ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቤቶቹ የጭቃና የጭድ ናቸው፤ አያቶቻችን በሚያውቁት አሠራር ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ። ሥዕል እንበለው እንጂ ከራሱ ከጭቃው የወጣ መስመር ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይከፈላል፣ ዞሮ ይገናኛል። አብረውን የነበሩ አንድ አባት፣ «ቅጠል ነው እንዳልል ቅጠል አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ። አንዲት እናት፣ «የዋርካ ሥር ነው እንጂ!» አሉ። ሌላው ደግሞ ጎርፍ የሄደበት መሬት ነው ብለው ተከራከሩ። እኛ ማንን እናርም? ትምህርታችንን ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ሦስቱም ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም። ረቂቅ ሥዕል የሚሉት ይህን ነው፤ ቅጠሉን ራሱን አይገለብጥም፣ አበቃቀሉን፣ ሥሩ ድንጋይ ሲገጥመው ዞሮ የሚሄደውን አካሄድ ነው በመስመር የሚያሳየው። እናቶቻችንስ መሶብ ሲሰፉ ሌላ ምን ያደርጋሉ?

ኤልያስ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እዚሁ ሥነ ጥበብ የተማረ ሰው ነው። በክርና በልብስ ቁልፍ ሠርቷል፤ ከመርካቶ በሚገዛው የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦም ይሠራል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ሽቦ ነው። የውጭ አገር ሙዚየሞች ሳይቀሩ ሥራውን ገዝተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አምና ልጆች አዳራሹን በእንጨት ጫሩት ብለን ወላጆቻቸውን ጠርተን ተቆጥተናል፤ በቃለ ጉባኤያችን ተጽፏል። ከዞማ ስንመለስ ጭረቱን ሄደን አየነው። አንዱ ልጅ የኮባ ቅጠል ጅማት ከነስንጥቁ አውጥቷል። አፈርን።

ግድግዳውም የተበላሸው ጭቃ ስለሆነ አይደለም። የጣሪያው ክፈፍ አጭር ነው፣ አሸንዳም የለውም፤ የክረምት ውሃ እግሩን በላው። በብሎኬት ብንሠራውም አሸንዳ ካልገባለት ውሃው መሠረቱን አይምረውም። ምርጊት አጥብቀው የሚያውቁ እናቶች ደግሞ በሰፈራችን የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አርጅተዋል። ግድግዳውን ካፈረስነው ለልጆቹ የሚያሳዩበት የላቸውም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከተዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ አሸንዳ ይገዛ። በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ እንደገና ይመረግ፤ ሳይደርቅም ልጆቹ መስመራቸውን ያውጡበት። ካላማረ ከክረምት በኋላ ብሎኬቱን እንነጋገርበታለን። የሚቃወም ካለ ዛሬውኑ እጁን አውጥቶ ይናገር፤ ነገ በየደጁ አይሁን።

ከተስማማን ጭቃው ቅዳሜ ጠዋት ከጭዱ ጋር ይረገጣል፤ ጥቂት ቀን መብላላት አለበት። የጤፍ ጭድ ያለው ያምጣ። አካፋ እኛ ዘንድ ሁለት አለ፤ አይበቃም።