መጋዘን ሲበዛ ቁልፍ ይበዛል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለነጋዴ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ዛሬ የመንደራችን ባለሱቅም ሆነ ክሊኒክ መዝገቡን ከደብተር ወደ ኢንተርኔት እያዛወረ ነው። ደብዳቤው በጂሜል፣ ሂሳቡ በጉግል ድራይቭ፣ ፎቶግራፉ በድሮፕቦክስ ይቀመጣል። ክላውድ የሚባለው ይኸው ነው። ቃሉ ደመና ማለት ቢሆንም ነገሩ ሰማይ ላይ አይደለም፤ በሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ የተከራየነው መጋዘን ነው። ታዲያ መጋዘን በበዛ ቁጥር በሩም ቁልፉም ይበዛል። አከራዩ ግንቡን ይጠብቃል፤ ቁልፉን መጠበቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ስኖውፍሌክ በተባለው የመረጃ ማከማቻ የሚጠቀሙ 165 ያህል ድርጅቶች ለአደጋ ተጋልጠው ነበር። ሌቦቹ ግንብ አልሰበሩም፤ ቀድሞ በተሰረቀ የይለፍ ቃል በደጅ ገቡ። የተደፈሩት አካውንቶች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበራቸውም።

በ2014 ደግሞ ኮድ ስፔስስ የሚባል ድርጅት በአማዞን ክላውድ ላይ የነበረው መቆጣጠሪያ በሌላ ሰው እጅ ገባ። ሰውዬው ገንዘብ ጠየቀ፤ ከዚያም አብዛኛውን መረጃ ከነመጠባበቂያ ቅጂው ደመሰሰ። ድርጅቱ በዚያው ተዘጋ።

በአንጻሩ በ2024 ዩኒሱፐር የተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ድርጅት በጉግል ክላውድ የነበረው የግል ክላውድ በጉግል በኩል በተፈጠረ ስሕተት ተሰረዘ። ከ600 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ሥራው ለቀናት ቢቋረጥም በሌላ ድርጅት ዘንድ ያስቀመጠው ቅጂ ነገሩን ለመመለስ ረዳው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የምትጠቀሙባቸውን አገልግሎቶች በሙሉ በአንድ ወረቀት መዝግቡ፤ እነማን እንደሚከፍቷቸውም ጻፉ። የማይታወቅ በር አይዘጋም።

ሁለተኛ፣ ለየአገልግሎቱ የተለያየ የይለፍ ቃል አድርጉ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ጨምሩበት። ከሁሉ በፊት በኢሜይሉ ጀምሩ፤ የሌሎቹ የይለፍ ቃል የሚታደሰው ብዙውን ጊዜ በእርሱ በኩል ነውና።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛ ሲለቅ የሱቁን ቁልፍ እንቀበለዋለን። የጂሜሉንስ? በዚያው ቀን ፈቃዱ ይሰረዝ።

አራተኛ፣ ዋናውን መዝገብ በሌላ ድርጅት ዘንድ ወይም ቤት በሚቆለፍ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። የዚያኛው ቁልፍ ከዚህኛው የተለየ ይሁን። ቅጂው በእርግጥ እንደሚከፈትም አልፎ አልፎ ሞክሩት።

ወገኖቼ፣ በክሊኒኩ መዝገብ ውስጥ ያለው የጎረቤታችን ሕመም ነው፤ በሱቁ የዱቤ ዝርዝር ውስጥ ያለውም የጎረቤታችን ችግር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይህን የያዘ ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕጉም ባይኖር ይሉኝታው አለ። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዝርዝሩን በዚህ ሳምንት ጀምሩት። ያልገባው ቢኖር የገባውን ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ የይለፍ ቃሉን ግን ለማንም አይንገር።